አብራሪው ብቻውን አልነበረም

ሚያዝያ 27 በደረሰ ቁጥር ሰሜን ሸዋ አርበኞቹን ያነሳል። የራስ አበበ አረጋይ ሰዎች አምስቱን ዓመት በገደላገደሉ ሲዋጉ ጥይት በአብዛኛው የሚገኘው ከጠላት እየተማረከ ነበር። የጥይትን ማለቅ የሚያውቅ አገር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአውሮፓ አርበኞች በሌሊት መሣሪያ ሲያደርሱ የቀሩትን በራሪዎች ቢያስብ ይገባዋል እላለሁ።

እንግሊዝ አገር ቴምፕስፎርድ ከሚባል ማረፊያ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ 138ኛውና 161ኛው ስኳድሮን (የእንግሊዝ አየር ኃይል የአውሮፕላን ክፍሎች) ወደ ፈረንሳይ፣ ሆላንድና ኖርዌይ በምስጢር ይበሩ ነበር። ያልተመለሰ ሰው ቤተሰብ «ጠፍቷል» ከመባል በቀር ምን ይዞ የት እንደሄደ አይነገረውም።

«አብራሪዎቹ» ብለን ስናልፍ ስድስት ሰው እንረሳለን። ሃሊፋክስ በሚባለው ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ሰው ነበረ፦ አብራሪ፣ መንገድ መሪ፣ የጭነት ጣይ፣ የሞተር መካኒክ፣ የሬዲዮ ሠራተኛ፣ የኋላ ተኳሽ፣ እንዲሁም በወለሉ ቀዳዳ ሰውና ጥቅል የሚያወርደው። ይህ የመጨረሻው በመታሰቢያ ንግግሮች እምብዛም አይነሳም። አረንጓዴ መብራት ሲበራ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ካላወረደ ግን ዕቃው ከሜዳው አልፎ ጫካ ይገባል።

በረራው ጨረቃ ሙሉ ከመሆኗ በፊትና በኋላ ባለው አንድ አንድ ሳምንት ነበር። መንገድ መሪው የሚለየው በጨረቃ የሚያበራውን ውኃ ነው። መሬት ላይ ሦስት መብራት በመስመር ይቆማል፤ አራተኛው አስቀድሞ የተስማሙበትን የሞርስ ፊደል (በአጭርና በረጅም ብልጭታ የሚጻፍ ምልክት) ያብለጨልጫል። ፊደሉ ከተሳሳተ ጭነቱ አይጣልም። ይህም ቢሆን አስተማማኝ አልነበረም፤ ሆላንድ ውስጥ ጀርመኖች የተማረኩ ሬዲዮዎችን ይዘው ራሳቸው መልእክት እየላኩ ራሳቸው መብራት አብርተው ጠብቀዋል። አውሮፕላኑ ሲመለስ የሚተኩሱበትም እነሱው ነበሩ።

ሌላው የሚገድለው ዝቅታው ነው። ከከፍታ የተጣለ ጃንጥላ ንፋስ ወስዶት ከጠላት እጅ ይወድቃል፤ ስለዚህ ከ150 እስከ 180 ሜትር ወርደው፣ ፍላፕ (በዝግታ ለመብረር የሚረዳውን የክንፍ ተዘርጊ ክፍል) ዘርግተው፣ ፍጥነቱን ወደ 200 ኪሎ ሜትር በሰዓት አድርሰው ይጥላሉ። ከፍታ መለኪያው ደግሞ በአየር ግፊት የሚሠራ ነው። በመነሻው ግፊት ተስተካክሎ ሄዶ መድረሻው ላይ ግፊቱ በ10 ሚሊባር (የአየር ግፊት መለኪያ) ካነሰ፣ ከእውነቱ 80 ሜትር ያህል አብልጦ ያሳያል። «180» እያለ አውሮፕላኑ 100 ሜትር ላይ ነው። ጭነቱን ጥሎ በዝግታ የሚታጠፍ ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን ፊት ለፊቱ ኮረብታ ቢመጣ ቶሎ መውጣት አይሆንለትም።

ይህን ለመረዳት ጣርማ በር ይበቃል። በጨረቃ ሌሊት ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ለተመለከተ፣ ጨረቃ የመታችው ተዳፋት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጥላ ያረፈበት ግን ገደል ይሁን ሜዳ አይለይም። ጉሙ ከቆላ ከተነሳ ደግሞ ያ የታየውም ይጠፋል። እነሱ እንዲህ ያለ ሸለቆ ውስጥ ገብተው ሦስት የእጅ ባትሪ ይፈልጉ ነበር።

መቃብራቸው ያልታወቀው ስማቸው ለንደን አጠገብ ራኒሚድ በሚገኘው መታሰቢያ ግንብ ላይ ከ20,000 በላይ ከሆኑ ስሞች ጋር ተቀርጿል። መንገድ መሪውም፣ ተኳሹም፣ ጥቅል ያወርድ የነበረውም እዚያው አሉ።