የእናቴ በርበሬና የወርቅ ካርዱ

በየዓመቱ ለገና ከዴንቨር አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። እስከ ዋሽንግተን በዩናይትድ፣ ከዚያ በኢትዮጵያ አየር መንገድ። አየር መንገዳችን ታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ዩናይትድ ያለበትን ስታር አሊያንስ የተባለ የአየር መንገዶች ኅብረት ስለተቀላቀለ የሁለቱም ጉዞ ማይል ሼባማይልስ በተባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የደንበኞች ነጥብ ማጠራቀሚያ ላይ ይጠራቀምልኛል።

ማይሉ በዝቶልኝ ወርቅ ደረጃ ስደርስ ያስደሰተኝ የማረፊያ ክፍሉ ሳይሆን ተጨማሪዋ ሻንጣ ናት። እናቴ በርበሬውን በሦስት ፌስታል ደራርባ ትጠቀልልና አፉን በፕላስተር ታጠብቀዋለች፤ ከሽሮው ጎን እየሸጎጠች «ይቺ ደግሞ ለጎረቤትሽ» ትለኛለች። ድሮ ቦሌ ሚዛኑ ፊት ሻንጣ ከፍቼ የእሷን ድካም ሳወጣ ሆዴ ይላወስ ነበር።

አምና ግን በአንድ አጋር አየር መንገድ በርካሽ ቲኬት በርሬ አንድም ማይል አልገባልኝም። ምክንያቱ ቲኬቱ ላይ የዋጋ መደቡን የምታሳይ አንዲት ፊደል ናት። ከመግዛታችሁ በፊት እባካችሁ እሷን እዩ።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ፉክክሩ ነው። አንዱ አውሮፕላን በሁለት አየር መንገዶች የበረራ ቁጥር ሲሸጥ ሁለት ምርጫ ያለን ይመስለናል፤ የምንቀመጠው ግን እዚያው ነው። ዩናይትድ፣ ሉፍታንዛና ኤር ካናዳማ በአትላንቲክ መስመር ዋጋ አብረው እንዲተምኑ የአሜሪካ መንግሥት ፈቅዶላቸዋል። ስለዚህ ከኅብረቱ ውጭ ያሉት፣ በዱባይ የሚያልፈው ኤምሬትስና በዶሃ የሚያልፈው ኳታር፣ ለእኛ ለመንገደኞች ትልቅ ነገር ናቸው። ማይሌን ብወድም ዘንድሮ ቲኬት የቆረጥኩት መጀመሪያ የእነሱን ዋጋ አይቼ ነው።