ከሂንድ ሞተር እስከ ፋሪዳባድ፦ የሕንድን መኪና ተከትዬ

ሕንድ በ2022 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በመኪና ሽያጭ ጃፓንን አልፋ ከቻይናና ከአሜሪካ ቀጥሎ ሦስተኛ ሆነች። ይቺው አገር በ1980ዎቹ መግቢያ ላይ በዓመት ሃምሳ ሺህ የቤት መኪና እንኳ አትሠራም ነበር። መሃል ላይ ምን ተፈጠረ? ዴልሂ ለአጭር ሥልጠና ሄጄ ሳለ ይህ ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ሥልጠናው ሲያልቅ ትኬቴን አራዘምኩና ወደ ኮልካታ በባቡር ተነሳሁ። ነገሩ የሚጀምረው እዚያ ነዋ።

ከሃውራ ጣቢያ እንደወጣሁ አምባሳደር የሚባሉት ሕንድ ሠራሽ ቢጫ ታክሲዎች ተደርድረው አገኘኋቸው። ኮፈናቸው ክብ፣ የፊት መብራታቸው ድቡልቡል፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ። ጥምጥም ያሰረ ሰው ሳይጎነበስ ይቀመጥባቸዋል። የተሳፈርኩበት ታክሲ ሹፌር ሽበት የወረሳቸው ሰው ናቸው። በሩ ሁለቴ ካልተላተመ አይዘጋም። መስኮቱ በእጅ ይዘወራል፤ መዘወሪያው ግን ስለወለቀ ሹፌሩ ኪሳቸው ይዘውት ይዞራሉ፤ ሲጠየቁ ያቀብላሉ።

«ዳዳ፣ መኪናዋ ስንት ዓመቷ ነው?» አልኳቸው። በቤንጋል ታላቅን ሰው የሚጠሩት እንዲህ ነው።

«ከአሥራ አምስቱ ሁለት ቀርቷታል፣ ልጄ» አሉኝ።

ፍርድ ቤት ከ15 ዓመት በላይ የሆነ የንግድ ተሽከርካሪ በከተማው እንዳይሠራ ወስኗል። የመጨረሻዎቹ አምባሳደሮች የተሠሩት በ2014 ስለሆነ ቢጫዎቹ ታክሲዎች ከኮልካታ መንገድ የሚጠፉበት ቀን ሩቅ አይደለም። ብትበላሽስ ብዬ ጠየቅኋቸው። መዶሻና ሽቦ ካለ የትም ትጠገናለች፣ ከዴልሂ የመጣ ኮምፒውተር አያስፈልጋትም አሉኝ። ልባቸው ከመኪናዋ ጋር ነው።

በማግስቱ በአካባቢ ባቡር ወደ ፋብሪካዋ ሄድኩ። ጣቢያው ራሱ «ሂንድ ሞተር» ይባላል። ከሃውራ ተነስቶ ከኡታርፓራ ቀጥሎ ያለው ነው። ከጣቢያው ወጥቼ እዚያ «ቶቶ» በሚሏት የኤሌክትሪክ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ግቢው ዝግ ነው። ዘበኛው ከበሩ አላሳለፈኝም። ከአጥሩ በላይ የሚታየው ዛፍ የበቀለበት ጣሪያ ነው።

የአምባሳደርን ሠሪ ሂንዱስታን ሞተርስን የቢርላ ነጋዴ ቤተሰብ በ1942 ጉጃራት ውስጥ መሠረተው። በ1948 ወደዚህ መጣ። በ1957 ገደማ የእንግሊዞቹን ሞሪስ ኦክስፎርድ ወስዶ አምባሳደር ብሎ ማውጣት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ፣ ሞተሩ ቢቀየር ፓራውልቱና ፍርግርጉ ቢነካካ፣ ቦዲው ያው ነው። የመኪናው ጥፋት አይደለም። በዚያ ዘመን ሕንድ ውስጥ ፋብሪካ ለመክፈት ብቻ ሳይሆን ምርት ለመጨመርም የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። የውጭ መኪና በቀረጥና በክልከላ ታጥሯል። ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ ዓመታት ይጠብቃል። ተራ አስይዞ የሚጠብቅ ገዢ ያለው ፋብሪካ መኪናውን ለማሻሻል ምን ያስጨንቀዋል?

ከበሩ ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ አንድ የቀድሞ ሠራተኛ አገኘሁ። ሻዩን በሸክላ ኩባያ እየጠጣን አወጋኝ። ብረት ማቅለጡ፣ መቀጥቀጡ፣ ቦዲ መጫኑ፣ ቀለሙ፣ ሁሉም እዚሁ አንድ ግቢ ውስጥ ነበር አለኝ። በኩራት ነው የሚናገረው፤ የሚገባውም ነው። ከነፃነት ማግሥት አገሩ በራሷ እጅ መኪና እንድትሠራ ያደረጉት እነዚህ ሰዎች ናቸው። በመጨረሻው ዓመት ግን ያ ሁሉ ግቢ 2,200 ገደማ መኪና ብቻ አወጣ። ግንቦት 2014 ላይ ሥራ ቆመ፣ ከ2 ሺህ በላይ ሠራተኛ ተበተነ። የአምባሳደር ስም በ2017 ለፈረንሳዩ ፔጆ በ80 ክሮር፣ ማለትም በ800 ሚሊዮን ሩፒ ተሸጠ። ሠራተኛው ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተቀየረ። እኔም የምለው ጠፋኝ።

ከዚያው አውራጃ ሳልወጣ ሲንጉርን አየሁ። ታታ የተባለው የሕንድ ኩባንያ በአንድ ላክ፣ ማለትም በ100 ሺህ ሩፒ የሚሸጠውን ትንሹን መኪና ናኖን ሊሠራ የነበረው እዚህ ነው። ሞተር ብስክሌት ላይ አራት ሆኖ የሚሳፈር ቤተሰብ መኪና ይኑረው የሚል ሐሳብ ነበር፤ ሐሳቡ አሁንም ያምርብኛል። መሬቱ ግን ከፊሉ ያለገበሬው ፈቃድ ተወሰደ። ተቃውሞው በረታ። ታታ በጥቅምት 2008 ጥሎ ወደ ጉጃራት ሄደ። በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መሬቱ ለገበሬዎቹ ይመለስ አለ። ናኖ ሌላ ቦታ ተሠራ፣ ርካሽ የሚለው ስም ገዢ አሸሸበት፣ በ2018 ቆመ። ገበሬው ሳይስማማ የሚጀመር ፋብሪካ ምን እንደሚያጋጥመው ሲንጉር በደንብ ያሳያል። ለእኛ ለኢንዱስትሪ ፓርክ ሠሪዎቹም ሩቅ ታሪክ አይደለም።

ሙምባይ ላይ ብዙ አልቆየሁም። የጥቁርና ቢጫው ፕሪሚየር ፓድሚኒ ታክሲ ዘመን በጥቅምት 2023 መጨረሻ አብቅቷል። ፓድሚኒ ፊያት 1100 ናት፤ ከአዲስ አበባው ሴይቼንቶ ጋር የአንድ ኩባንያ ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ዴልሂ እንመለስ። የነገሩ ቁልፍ ከዋና ከተማዋ አጠገብ፣ ጉርጋዎን ነው።

ማሩቲ የሚባለው ኩባንያ በ1971 ሲቋቋም የጠቅላይ ሚኒስትሯ የኢንዲራ ጋንዲ ልጅ የሳንጄይ ሕልም ነበር። አንድም መኪና ለገበያ ሳይበቃ ከሰረ። ሳንጄይ በ1980 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። መንግሥት ኩባንያውን ወሰደና የውጭ ሸሪክ ፈለገ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች እምብዛም ሳይጓጉ ቀሩ፤ በጃፓን እንኳ ከትንንሾቹ የሚቆጠረው ሱዙኪ በ1982 ተስማማ፣ 26 በመቶ ድርሻ ያዘ። ታኅሣሥ 14 ቀን 1983 ኢንዲራ ጋንዲ የመጀመሪያዋን ማሩቲ 800 ቁልፍ ዕጣ ለወጣለት የአየር መንገድ ሠራተኛ ሰጡ። ሦስት ሲሊንደር፣ 796 ሲሲ፣ ዋጋዋ ሃምሳ ሺህ ሩፒ ገደማ። ማዘዣ ገና ሲከፈት ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። እስክትቆም ድረስ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች።

ሰዎች ስለ ማሩቲ ሲያወሩ ሥራ አስኪያጁና ሠራተኛው አንድ ዓይነት ዩኒፎርም ለብሰው በአንድ ካንቲን መብላታቸውን ያነሳሉ። ደስ የሚል ነገር ነው። እኔን የበለጠ የገረመኝ ሌላ ነው። መንግሥት መለዋወጫው ደረጃ በደረጃ አገር ውስጥ ይሠራ ብሎ ግድ አለ። ማሩቲም እንደ ሂንድ ሞተር ሁሉንም በራሱ ግቢ ልሥራ አላለም። ሕንዳዊ ነጋዴ ከጃፓን አምራች ጋር እያዛመደ በዙሪያው ፋብሪካ አስተከለ። መሪውን ሶና ከኮዮ ጋር፣ መስታወቱን አሳሂ፣ ኤሲውን ሱብሮስ ከዴንሶ ጋር፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ማዘርሰን ከሱሚቶሞ ጋር ያዙ። ገበያው በ1990ዎቹ ለውጭ ኩባንያ ሲከፈት፣ ሃዩንዳይ ቼናይ አጠገብ ፋብሪካውን ሲተክልና በ1998 ሳንትሮን ሲያወጣ፣ ዕቃ የሚያቀርብለት ሙያ አገሪቱ ውስጥ ነበረ። ታታ በዚያው ዓመት ራሱ የነደፋትን ኢንዲካ ሲያወጣም እንዲሁ። ሁሉም አልቀናውም፤ ፎርድ ሕንድ ውስጥ መኪና ማምረት እንደሚያቆም በ2021 አስታውቋል።

ማኔሳር ከሚገኘው የማሩቲ ሁለተኛ ፋብሪካ አካባቢ የሽፍት መቀያየሪያ ሰዓት ላይ ደረስኩ። መንገዱ በወጣት ተሞላ። በ2012 እዚህ በሠራተኛና በአስተዳደር መካከል በተነሳው ጠብ አንድ ኃላፊ ተገድሎ፣ ብዙዎች ቆስለው፣ ፋብሪካው አንድ ወር ያህል ተዘግቶ ነበር። ከቅሬታዎቹ ዋናው የኮንትራት ሠራተኞች ጉዳይ ነው፤ ጎን ለጎን ቆመው አንድ ሥራ እየሠሩ ከቋሚው ያነሰ ይከፈላቸዋል። የሕንድን መኪና የሚያደንቅ ሰው ይህንንም አብሮ ማየት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ካሽሚሪ ጌት የሄድኩት ዕቃ ለመግዛት ነው። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ሱዙኪ ዲዛየር ይዞ ይሠራል፤ የሻንሲ ቁጥሩ «ኤም ኤ 3» ብሎ ይጀምራል፣ የሕንድ ሱዙኪ ማለት ነው። ገበያው የድሮዋ ዴልሂ ጫፍ ላይ ነው፤ ጎጃም በረንዳንና ሱማሌ ተራን ደርቦ የደረደረ ይመስላል። ከአዲስ አበባ መምጣቴን ስናገር ባለሱቁ ሳልጨርስ «ዲዛየር!» አለ። ደንበኞች አሉት ለካ። የፍሬን ሸራ፣ የፊት ቦኮላ (ከብረት ቀለበት ጋር የተጨመቀ ጎማ) እና አሞርዛተር አወጣልኝ። ሁለት ተመሳሳይ ካርቶን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎም አስመሳዩን እንዴት እንደምለይ አሳየኝ፦ ማኅተሙ ብርሃን ላይ ሲያዘነብሉት ቀለሙ ካልተቀያየረ ተወው አለኝ።

ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ከ2024 ጀምሮ አገራችን እንዳይገባ መከልከሉን ነገርኩት። አልደነገጠም።

«ባያ (ወንድሜ)፣ የኤሌክትሪክ መኪናስ ቦኮላ የለውም? ፍሬን የለውም?» አለ። «ማሩቲም ራሱ ኤሌክትሪክ እየሠራ ነው። እኔ የምሸጠው ይሄንን ነው።»

እውነቱን ነው። ቦኮላውን የሚሠራው ማነው ብዬ ጠየቅሁት። ካርቶኑን ገልብጦ አድራሻውን አሳየኝ፤ ፋሪዳባድ። ካሽሚሪ ጌት ላይ የምትነሳው ሐምራዊዋ ሜትሮ በቀጥታ ትወስዳለች።

በማግስቱ ሄድኩ። ባለቤቱ መጀመሪያ ተጠራጠረኝ፣ በኋላ ሻይ አስመጣልኝና አስገባኝ። አንድ አዳራሽ፣ የተደረደሩ መጭመቂያ ማሽኖች፣ የተቃጠለ ጎማ ሽታ። ጎማው ከቆርቆሮ ጠፍጣፋ መደርደሪያ ላይ በቁርጥራጭ ይመጣል፣ ከብረት ቀለበቱ ጋር ሻጋታ ውስጥ ይገባል፣ ይጋላል፣ ይጨመቃል። ጫፍ ላይ የተቀመጠች ሴት በሁለት ጫፍ የብረት መለኪያ ቀለበቱን ትፈትሻለች። አንደኛው ጫፍ መግባት አለበት፣ ሌላኛው መግባት የለበትም። ሁለተኛው ጫፍ ከገባ ቀዳዳው ሰፍቷል ማለት ነው፤ ቦኮላው ወደ ቀይ ሣጥን ይወረወራል። እጇ ከዓይኔ ይፈጥናል። መለኪያውን ሰጥታኝ ሞከርኩ፤ ልዩነቱ በዓይን አይታይም፣ በጣት ብቻ ይታወቃል።

አባቱ በአንድ ማሽን እንደጀመሩ ነገረኝ። ለማሩቲ በቀጥታ አልሸጡም። ለማሩቲ ለሚያቀርበው አቅራቢ ነው የሸጡት። ትምህርቱም በዚያው መንገድ ወረደ፦ የጃፓን ባለሙያ ለትልቁ አቅራቢ፣ ትልቁ ለእሳቸው፣ እሳቸው ለሠራተኞቻቸው። እኛ ጋ መኪና የሚገጣጥሙ ድርጅቶች አሉ፤ ሳጥኑ ተፈቶ ይገጠማል፣ ሳጥኑን ግን የሚሞላው ሌላ አገር ነው። የጎደለን ይህ ከታች ያለው ሰው ነው፤ ቦኮላ የሚጨምቀው፣ መለኪያ የምትይዘው።

ማሽኑን ከየት እንደገዙ፣ ሻጋታውን ማን እንደሚቀርጽላቸው፣ ጎማው ከኬረላ እንዴት እንደሚመጣ ጠየቅሁት። የጎማ ተክል እኛም ጉራፈርዳ እንዳለን ስነግረው ወንበሩን አስጠግቶ ስለ ድብልቁ ማስረዳት ጀመረ፦ ስንት እጅ ጎማ፣ ስንት እጅ ጥላሸት፣ ድኝ መቼ እንደሚገባ። ሁሉንም ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ቃሊቲ ጋራዥ ላለው ጓደኛዬ የማሽኖቹን ፎቶ ከነማብራሪያው ልኬለታለሁ፤ የመጀመሪያው ጥያቄው የሻጋታውን ዋጋ ነበር።