የ1 ብር ጭማሪው ጣጣ

መጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ እኔ ለማታ ተማሪዎች አካውንቲንግ አስተምር ነበር። "ኦንላይን አስተምሩ" ተባልን። እሺ አልን። እንዴት እንደሆነ ግን ያሳየን ሰው የለም። ስልኬን በመጽሐፍ ደግፌ ስለ ፔሮል፣ ማለትም ስለ ደመወዝ ስሌት፣ የ50 ደቂቃ ቪዲዮ ቀረጽኩና ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለቀቅኩት። ወደ 400 ሜጋ ባይት ይጠጋል። ቀን ሥራ ውሎ የሚመጣ ልጅ በራሱ ካርድ ፓኬጅ ሞልቶ ያንን ያወርዳል ብዬ ማሰቤ ዛሬም ያስቀኛል።

አሳይመንት ሰጠሁ። ሁሉም መለሱ። ያኔ የሥራ ግብር ሲሰላ ደመወዙ በእርከኑ መጣኔ ይባዛና ከውጤቱ ሠንጠረዡ ላይ ያለው ተቀናሽ ይነሳ ነበር፤ የመጨረሻው እርከን ላይ የሚቀነሰው 1,500 ብር ነበር። አንዱ ልጅ ተሳስቶ 1,550 ብሎ ጽፏል። ያቺ 1,550 አሥራ አንድ ተማሪ መልስ ላይ ተገኘች።

አልተቆጣሁም። በጎግል ሚት ሰበሰብኳቸውና አንድ ነገር ጠየቅኩ፦ "1,500 ከየት መጣ?"

"ከሠንጠረዡ፣ ቲቸር።"

"ሠንጠረዡስ ከየት አመጣው?"

ዝም። ካሜራው ሁሉ ጥቁር ነው። በአንዱ ቤት ዶሮ ይጮሃል። ትንሽ ቆይቶ አንዱ "ቲቸር፣ ኔትወርክ ነው መሰለኝ" አለ። ኔትወርክ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም በተማሪነቴ የ1,500ዋን አመጣጥ ጠይቄ አላውቅም።

ያን ሰሞን ነው የድሮ የፔዳጎጂ ደብተሬን ያወጣሁት። የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ ፒያዤና ቪጎትስኪ፣ ሁለቱም የ1896 እ.ኤ.አ. ልጆች፣ ተጽፈው ተቀምጠዋል። ፒያዤ ተማሪ ባዶ ዕቃ አይደለም ይላል፤ አዲሱን ነገር ቀድሞ ከሚያውቀው ጋር እያጋጨና እያስማማ ራሱ ይገነባዋል። ቪጎትስኪ ደግሞ ብቻውን የማይደርስበትን ከሚበልጠው ሰው ጋር ሆኖ ይደርስበታል ይላል። ኮንስትራክቲቪዝም የሚባለው በአጭሩ ይኸው ነው። የሚያሳፍረው፣ እኔ ኮንስትራክቲቪዝምን ራሱን በሽምደዳ ተምሬ ኤ ማግኘቴ ነው።

ቪዲዮ መቅረጽ አቆምኩ። በምትኩ ግሩፑ ላይ ይህችን ለጠፍኩ፦ "ደመወዙ 10,900 ብር የሆነ ሠራተኛ 1 ብር ሊጨመርለት ነው። ከ10,900 በላይ መጣኔው ከ30 ወደ 35 በመቶ ያድጋል። ጭማሪውን ይቀበል ወይስ ይቅርበት?" ከሥሯ የቴሌግራም ፖል አደረግኩ።

አብዛኛው "ይቅርበት" አለ። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር። እርከን ሲሻገር ከደመወዙ በሙሉ 35 በመቶ የሚቆረጥ ነው የመሰላቸው። ይሄ የልጆቹ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፋብሪካ ውስጥ ደመወዝ የምትሠራ ተማሪ "እኛ ጋ በዚሁ ፍርሃት ጭማሪ አልፈልግም ያለ ሰውዬ ነበር" ብላ ጻፈች።

ሁለት ቀን መልስ ሳልሰጥ ቆየሁ። ጣቴን ይበላኝ ነበር፤ ሃያ ዓመት "ትክክለኛው መልስ ይኼ ነው" ሲል ለኖረ ሰው ዝም ማለት ከባድ ነው። ግሩፑ ግን እንደዚያ ቀን ደምቆ አያውቅም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሥራቸውን ጨርሰው ገቡና እስከ 6 ሰዓት ተከራከሩ።

በመጨረሻ አንዲት ዝምተኛ ተማሪ የድምፅ መልእክት ላከች። እሷ የምትኖርበት ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። እንዲህ አለች፦ "ጀሪካን እንደምንደረድረው አስቡት። ደመወዙ ውሃው ነው። መጀመሪያ የ600ው ጀሪካን ይሞላል፣ እሱን ማንም አይነካውም። የተረፈው ቀጣዩ ጀሪካን ውስጥ ይገባል፣ ከዚያኛው 10 በመቶ ይቀዳል። እንዲህ እያለ ይሄዳል። አዲሷ 1 ብር የመጨረሻው ጀሪካን ውስጥ ናት። 35 በመቶ የሚቀዳው ከእሷ ብቻ ነው። የበፊቶቹን ጀሪካኖች ማን ነካቸው?"

እኔ ይህን ምሳሌ በሃያ ዓመትም አላመጣውም ነበር።

ከዚያ በየቡድናቸው አሰሉት። ጡረታውን ለጊዜው እንተወውና፣ በ10,900 ላይ ግብሩ 2,315 ብር ነው፣ እጅ ላይ 8,585 ይቀራል። በ10,901 ላይ ግብሩ 2,315 ከ35 ሳንቲም፣ የሚቀረው 8,585 ከ65 ሳንቲም። ሰውየው 65 ሳንቲም አተረፈ። "ለ65 ሳንቲም ነው እንዴ ሁለት ሌሊት ያመሸነው?" አለ አንዱ። ሳቅን።

ተቀናሾቹን ያወጧቸውም ራሳቸው ናቸው። የ10 በመቶው እርከን ተቀናሽ 60 ለካ ያልተነካው 600 ብር 10 በመቶ ነው። መጣኔው በ5 በመቶ ባደገ ቁጥር፣ የተሻገሩትን እርከን ጣሪያ 5 በመቶ ትደምራለህ። ከ1,650 ላይ 82.50፣ ከ60 ጋር 142.50። እያሉ እያሉ 1,500 ላይ ደረሱ። አንድ ልጅ "ቲቸር፣ ይሄ ነገር ሒሳብ ነው እኮ!" አለኝ። ምን መስሎት ነበር?

ከዚህ በኋላ ልቤ አበጠ። ቀጣዩን ምዕራፍ፣ የእርጅና ቅናሽን (ዕቃ ሲያገለግል የሚቀንሰውን ዋጋ ማስላት)፣ "ራሳችሁ ድረሱበት" ብዬ ለቀቅኩላቸው። አልሆነም። አራት አምስቱ ጎበዞች ተሯሯጡ፣ ሌላው ጠፋ። ያቺ የጀሪካኗ ልጅ እንኳ ሳምንት ሙሉ ድምጿ አልተሰማም። ስደውልላት "ከየት እንደምጀምር አላወቅኩም" አለችኝ። ቀድሞ የምታውቀው ነገር በሌለበት በምን ላይ ትገንባ? በ2006 እ.ኤ.አ. ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ የተባሉ ሦስት ምሁራን ጀማሪን ያለ መሪ መልቀቅ አያዋጣም ብለው የጻፉትን ያነበብኩት ከወደቅኩ በኋላ ነው። እኔ ነፃነት ሰጠሁ ስል ለካ ሥራዬን ትቼ ነበር።

የመወጣጫው ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ግንበኛ ሕንፃ ሲሠራ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ያቆማል፣ ግድግዳው ሲጠና ያነሳዋል። ውድ፣ ብሩነርና ሮስ በ1976 እ.ኤ.አ. ለማስተማር የተዋሱት ይህንኑ ነው። እኔ ወይ መወጣጫውን እስከ መጨረሻው አላነሳም፣ ወይ ከነአካቴው አላቆምም ነበር። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ የተሠራ ሠንጠረዥ እልካለሁ። ሁለተኛው ላይ ሁለት ሣጥን ባዶ ነው። ሦስተኛው ላይ ርዕሶቹ ብቻ አሉ። አራተኛው ባዶ ወረቀት ነው። የጠፉት ልጆች የተመለሱት በሁለተኛው ሠንጠረዥ ነው።

ሁሉን ነገር "ከኛ የተጀመረ ነው" ማለት አልወድም። ግን ቅኔ ቤት ትዝ ይለኛል። እዚያ ሌላ ሰው የተቀኘውን መልሶ ማቅረብ ነውር ነው። ተማሪው ከሁለት ቤቷ አጭር ቅኔ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቆጥሮ፣ ማለትም ሠርቶ፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያቃናል። መምህሩ ግን ዝም ብሎ አልለቀቀውም፤ መጀመሪያ ራሱ ቅኔ እየዘረፈ መንገዱን አሳይቶታል።

ሌላውን ሌላውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ቡድን ከአምስት ሲበልጥ የሚደበቅ ሰው አይጠፋም። የምልከውን የድምፅ መልእክት ከ2 ደቂቃ አላስበልጥም። ፈተናዬ ግማሹ "ስሌቱን ለእናታችሁ አስረዱ" የሚል የ90 ሰከንድ የድምፅ መልስ ሆነ፤ ድምፅ አይኮረጅም። አንዱ ልጅ ጓደኛው ከጀርባ ሲያንሾካሹክለት ይሰማ ነበር፣ እሱን አልፌዋለሁ። ማዳመጡ ግን ሌሊቴን በልቶታል። ከሰባቱ ምዕራፍ ደግሞ የጨረስኩት አምስቱን ነው፤ የትምህርት ክፍሉ ጠርቶ ወቅሶኛል። ወቀሳው መሠረት የለውም አልልም። በዚህ መንገድ ሁሉንም ምዕራፍ መሸፈን አይቻልም፣ እኔ አልቻልኩም።

ሐምሌ 2017 ላይ የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሻለ። ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር አደገ፣ የ10 በመቶው እርከን ቀረ፣ 35 በመቶው ከ14,000 በላይ ሆነ። የሸመደድናቸው ተቀናሾች በአንድ ጊዜ ሞቱ። ስልኬ በ"አዲሱን ተቀናሽ ላኩልን" ተጨናነቀ። እኔም እየተጣደፍኩ 300፣ 500፣ 850፣ 1,350፣ 2,100 ብዬ የድሮው ግሩፕ ላይ ለጠፍኩ።

አምስት ደቂቃ አልሞላም። የጀሪካኗ ልጅ ናት። "ሰላም ቲቸር፣ እንዴት ከረሙ? የመጨረሻው ጀሪካን ላይ 50 ብር አፍስሰዋል። 2,050 ነው።"