ፋኑን ዝም ከማሰኘታችሁ በፊት

«የላፕቶፕ ፋን ዝም የሚያሰኝ ሶፍትዌር ላክልኝ» የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሶፍትዌሩ አለ፣ በነፃም ይወርዳል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው «ሙቀቱ ስንት ነው?» ብዬ ነው። ፋኑ የሚጮኸው ውስጥ የጋለ ነገር ስላለ ነው። ሙቀቱን ሳትነኩ ፋኑን ብቻ ማዘግየት፣ የሚያለቅስ ልጅን አፍ ይዞ ዝም እንደማሰኘት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቁጥሩን እዩ። ዊንዶውስ ላይ ኤችደብልዩ ኢንፎ ወይም ኮር ቴምፕ የሚባል ሙቀት የሚያሳይ ፕሮግራም ጫኑ፣ ሊኑክስ ላይ ኤልኤም ሴንሰርስ አለ። አብዛኞቹ የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች (ስሌቱን የሚሠሩት ዋና ቺፖች) የመጨረሻ ጣሪያቸው 100 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚያ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማትረፍ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ከዚያም ካለፈ ማሽኑ ድርግም ብሎ ይጠፋል። «ላፕቶፔ አርጅቷል፣ ይንቀረፈፋል» ከሚባለው ውስጥ ስንቱ የሙቀት ችግር መሰላችሁ! ፎርማት ቢያስደርጉት አይለቀውም። እኔ በሥራ ላይ 70ዎቹ ውስጥ ሲሆን አልጨነቅም፤ 90 አልፎ እዚያው ሲቆይ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም።

ሰሞኑን ጎረቤታችን ያለች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ያገለገለ የተገዛ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5 8250ዩ። «ጋሼ፣ ማታ ዶርም ውስጥ ከፍቼ ማንበብ አልቻልኩም፣ የተኙት ልጆች እየተነሱ ይቆጡኛል» አለችኝ። ከፈትነው። የተከፈተው ብሮውዘርና አንድ የዎርድ ፋይል ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ሙቀቱ 90 አልፏል፣ ፋኑ በሙሉ ኃይሉ ይሽከረከራል። የፋን ሶፍትዌር አልጫንኩላትም። ኮንትሮል ፓነል ገባሁ፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ከዚያ አድቫንስድ ፓወር ሴቲንግስ፣ ፕሮሰሰር ፓወር ማኔጅመንት፣ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚለው ላይ 100 የነበረውን በባትሪም በቻርጅም 99 አደረግሁት። በቃ። ሙቀቱ ዓይናችን እያየ ወርዶ 60ዎቹ ገባ። ፋኑ ትንሽ ዘግይቶ ተከተለው። «ጠፋ እንዴ ጋሼ?» አለች፣ ጆሮዋን ወደ ኪቦርዱ አስጠግታ። «አይዞሽ፣ እየሠራ ነው» አልኳት።

ይቺ አንድ ፐርሰንት ይህን ሁሉ የምትሠራው ቱርቦ ቡስትን፣ ፕሮሰሰሩ ከመነሻ ፍጥነቱ በላይ የሚሮጥበትን ዘዴ፣ ስለምታጠፋ ነው። ይሄ ፕሮሰሰር መነሻ ፍጥነቱ 1.6 ጊጋኸርዝ ነው፣ በቱርቦ ግን እስከ 3.4 ይደርሳል። ፍጥነት ሲጨምር ቮልቴጁም መጨመር አለበት፣ የሚበላው ኃይል ደግሞ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ነው የሚያድገው፣ እና መጨረሻ ላይ ያለችው ትንሽ ፍጥነት ናት ብዙውን ሙቀት የምታመጣው። ለማንበብ፣ ለመጻፍ፣ ፊልም ለማየት ቱርቦ አያስፈልግም። ቪዲዮ ኤዲት የምታደርጉ ግን ልዩነቱ ይታወቃችኋል፤ ለሥራው ሰዓት 100 መልሱት። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ይህ መስመር ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሴቲንግስ ውስጥ ፓወር ሞድን ቤስት ፓወር ኢፊሸንሲ ላይ አድርጉት፣ እሱም ይረዳል።

ከዚህ በኋላ ነው የፋን ሶፍትዌር ወሬ የሚመጣው። የላፕቶፕን ፋን የሚያዘው ብዙ ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ኢምቤድድ ኮንትሮለር የሚባል ትንሽ ቺፕ ነው። ለዚህ ነው ስፒድፋንን የመሳሰሉ የድሮ ፕሮግራሞች ብዙ ላፕቶፕ ላይ ፋኑን ጭራሽ የማያዩት። ኖትቡክ ፋንኮንትሮል ግን ከዚህ ቺፕ ጋር በቀጥታ ይነጋገራል። ለየሞዴሉ የተዘጋጀ ፕሮፋይል (የማስተካከያ ፋይል) አለው። የእናንተ ሞዴል ከሌለ የሌላ ሞዴል ፕሮፋይል «ይመሳሰላል» ብላችሁ እንዳትጭኑ፣ እባካችሁ። ፕሮግራሙ ቺፑ ውስጥ ገብቶ ስለሚጽፍ ያልታሰበ ቦታ ሊነካ ይችላል። ቲንክፓድ ያላችሁ ሊኑክስ ላይ ቲንክፋን አለላችሁ፣ ማክ ያላችሁ ደግሞ ማክስ ፋን ኮንትሮል።

ስታስተካክሉ ፋኑን ዜሮ ላይ አትተዉት። ጆሮ የሚያሰለቸው ተነስቶ የሚወድቀው ድምፅ ነው እንጂ ዝቅ ብሎ የማይቋረጠው አይደለም። ፋኑ 65 ላይ የሚነሳ ከሆነ 55 ደርሶ እንዲወርድ አድርጉት። መሃል ላይ ክፍተት ከሌለ በየደቂቃው ሲነሳና ሲተኛ ያድራል።

ስሮትልስቶፕ አውርዳችሁ ቮልቴጅ ለመቀነስ የምትሞክሩም አላችሁ። ጥሩ ዘዴ ነበር። በ2019 ፕላንደርቮልት የተባለው የደህንነት ቀዳዳ ሲታወቅ ግን ብዙ አምራቾች በባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሳው መነሻ ፕሮግራም) አፕዴት ዘግተውታል። ተቆልፎ ካገኛችሁት ተዉት፤ ለእሱ ብሎ የድሮ ባዮስ መመለስ አያዋጣም።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። «ማርቆስ ብርድ ነው፣ እዚህ ላፕቶፕ አይግልም» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ቀዝቃዛው አየር በእርግጥ ይረዳል። ነገር ግን ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ያነሰ ነው፣ ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀትም እንዲሁ። ብዙ አምራቾች ላፕቶፑ የሚሠራበትን ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ብለው ስለሚጽፉ አደጋ የለውም። ግን ባሕር ጠለል አጠገብ የሚኖር ሰው ያወጣውን የፋን ቁጥር እንዳለ ገልብጦ እዚህ መጠቀም ልክ አይደለም። ባሕር ዳር ከተማ ስትወርዱ ደግሞ ሌላ ነው። ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ይሻላል፣ የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀቱ ግን የሚቻል አይደለም። ማርቆስ ላይ ያስተካከላችሁትን እዚያ ስትደርሱ እንደገና እዩት።

አልጋ ላይ ጋቢ አንጥፎ ላፕቶፕ ማስቀመጥም ይቅር። ብዙዎቹ አየር የሚስቡት ከታች በኩል ነው። ደረቅ መጽሐፍ ወይም ጣውላ ሥሩ ይሁን።

አቧራን ግን ሶፍትዌር አይጠርግም። በተለይ በበጋ የመንገዱ አቧራ ቤት ድረስ ይገባል። 99 አድርጋችሁትም፣ ምንም ሳትሠሩበት ሙቀቱ 70 ላይ ከቆመ፣ መከፈትና መጠረግ አለበት፣ ቴርማል ፔስቱም (ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈው ቅባት) መቀየር አለበት። አየር እየነፋ የሚጠርገው ሰው የፋኑን ክንፍ በጣቱ ይያዘው፣ ከልክ በላይ ቢሽከረከር ይጎዳል። ጥገና ቤት ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ፊልም ከፍታችሁ ሙቀቱን ጻፉት። ስትመለሱ ያንኑ ፊልም ክፈቱና አስተያዩ። ቁጥሩ ካልወረደ ተመልሳችሁ ሂዱ፣ ፔስቱ በእርግጥ ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቁ።