ያገለገለ ካራቫን ከመግዛታችሁ በፊት

እዚህ እንግሊዝ አገር ከማውቃቸው ሐበሾች መካከል፣ ልጆቻቸውን ይዘው በክረምቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ወደ ባሕር ዳርቻ ለመውጣት ሲሉ በመኪና የሚጎተት፣ መኝታና ማብሰያ ያለው ያገለገለ ካራቫን ለመግዛት የሚያስቡ አሉ። ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ስንት ዓመት ያገለገለ ቢሆን እንደሚሻልና የትኛው ፋብሪካ የሠራው እንደሚበረታ ነው። ለረጅም ዘመን ካራቫን ይዘው የኖሩ ሰዎችን በየካምፑ ሳነጋግር፣ ስለ ፋብሪካ ምርጫ የሚስማሙ ሁለት ሰዎች አግኝቼ አላውቅም፤ አንዱ ብሪስቶል የሚሠራውን ቤይሊን ሲያወድስ ሌላው በሃል ከተማ አቅራቢያ ከሚሠራው ስዊፍት ሌላ አይነካም። ካራቫንን ከዕድሜ ይልቅ የሚገድለው ውሃ ነው በሚለው ላይ ግን ሁሉም አንድ አፍ ናቸው፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ።

የአብዛኞቹ አሮጌ ካራቫኖች ግድግዳ ከውጭ ስስ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ፣ ከመሃል የእንጨት ማገርና ፎም፣ ከውስጥ ደግሞ የተለበጠ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው። ቆርቆሮዎቹ የሚጋጠሙባቸው ማዕዘኖች፣ የመስኮቶቹ ዙሪያና ድንኳን የሚያያዝበት ሐዲድ ዝናብ እንዳያስገቡ በማሸጊያ ይደፈናሉ፤ ማሸጊያው ግን ከዓመታት በኋላ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ በዚህ ጊዜ ውሃው በብሎኖቹ ቀዳዳ እየሰረገ ማገሩን ከውስጥ ሲያበሰብሰው ቆርቆሮው ከውጭ እንዳማረበት ይቆያል። ስለዚህ ታጥቦና ተወልውሎ የሚያብለጨልጭ ካራቫን ስለ ጤንነቱ ምንም አይነግራችሁም።

ከአንድ ወዳጄ ጋር ለማየት የሄድንበት ካራቫን ገና በሩ ሲከፈት የሽቶው ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጥ ነበር፤ ይህ በራሱ ሊያስጠረጥር ይገባል። የፊተኛውን መቀመጫ ፍራሽ አንሥቼ፣ ከሥሩ ያለውን ሣጥን ከፍቼ፣ ማዕዘኑ ላይ ግድግዳውን በአውራ ጣቴ ስጫነው እንደ ራሰ ካርቶን ወደ ውስጥ ገባ፤ ጣቴን ካነሣሁ በኋላም ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ፤ በዙሪያውም ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ነበሩ። የእርጥበት መለኪያውን ስናስጠጋው ከ30 በመቶ በላይ አሳየ። ባለሙያዎች እስከ 15 በመቶ ያለውን ጤናማ ይሉታል፤ ከ15 እስከ 20 ከሆነ ክትትል ይፈልጋል፤ ከ20 ሲያልፍ ውሃ እየገባ እንደሆነ ይገመታል፤ 30 ከዘለለ ግን እንጨቱ ራሱ ሳይጎዳ አይቀርም። ያን ለመጠገን የውስጡን ግድግዳ ማፍረስ፣ ማገሩን መለወጥና ማዕዘኑን እንደገና ማሸግ ስለሚያስፈልግ፣ ወጪው ካራቫኑ ከተገዛበት ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። መለኪያው በርካሽ የሚገኝ ትንሽ መሣሪያ ነውና ሳትይዙ አትሂዱ።

ወጥ ስንሠራ የሚነሣው እንፋሎት የሚተወውን ጤዛ ከፍሳሽ ጋር ማምታታት አይገባም። ጤዛ በመስኮቶቹና በሰፊው ግድግዳ ላይ ተበትኖ ይታያል፣ አየር ሲገባም ይደርቃል፤ ፍሳሽ ግን ከአንድ መጋጠሚያ ወይም ማዕዘን ተነሥቶ ይሰፋል። ወለሉ ላይ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎችም እዩ፤ ብርድ የፈራ ባለቤት ደፍኗቸው ሊሆን ይችላል፤ የጋዝ ምድጃ ላለበት ጠባብ ክፍል ይህ አደገኛ ነው። ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላትማ ካራቫን ውስጥ ፈጽሞ አይሞከርም፤ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይገድላል።

ወለሉን በባዶ እግር ሆናችሁ በተለይ በበሩና በማብሰያው አጠገብ ርገጡት፤ የሚሰምጥና የሚንቋቋ ከሆነ በሙጫ የተጣበቀው የወለሉ ንብርብር ተላቋል ማለት ነው። ይህ ሙጫ እየተወጋ ሊጠገን ስለሚችል ከግድግዳ ብስባሽ ይቀልላል። ጎማው ላይ ባለ አራት አሃዝ የምርት ቁጥር አለ፤ ለምሳሌ 2318 ማለት በ2018 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። የካራቫን ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ስለሚያረጅ፣ ጥርሱ ያልተበላ ቢሆንም በአምስተኛው ዓመት መለወጡ ይመከራል፤ ከሰባት ዓመት በላይ ግን አይነዳበትም።

ስለ ክብደት ባለቤቶቹ የሚሰጡት ምክር ለጀማሪ ጥሩ ነው፦ ካራቫኑ ከነጭነቱ ከመኪናችሁ ክብደት 85 በመቶ አይብለጥ። መኪናው 1,600 ኪሎ ቢመዝን፣ ካራቫኑ ከ1,360 ኪሎ ማለፍ የለበትም። የመንጃ ፈቃድ ሕጉ ከታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለላላ ብዙዎቻችን ካራቫን ለመጎተት ተጨማሪ ፈተና አያስፈልገንም።

ከነጋዴ ይሻላል ወይስ ከባለቤቱ በሚለው ሰዎች አጥብቀው ይከራከራሉ። ከነጋዴ የገዛ ሰው በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው የእንግሊዝ የሸማቾች መብት ሕግ መሠረት፣ ዕቃው ጉድለት ካለበት በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ገንዘቡን ሊጠይቅ ይችላል፤ ከግለሰብ ሲገዛ ይህ መብት የለም። እኔ ግን በየዓመቱ ያስመረመረበትን ወረቀት አጥፎ ካስቀመጠ ባለቤት መግዛትን እመርጣለሁ፤ በእነዚያ ወረቀቶች ላይ የእርጥበቱ ንባብ በየማዕዘኑ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ካራቫኑ ከዓመት ዓመት እንዴት እንደከረመ ማየት ይቻላል። ሻጮች የብርዱን ወራት የማቆሚያ ኪራይ ሽሽት ዋጋ የሚቀንሱት በኦክቶበርና በኖቬምበር ስለሆነ፣ ዝናቡም ያኔ ስለማይጠፋ፣ ለማየትም ለመደራደርም ከማርችና ከኤፕሪል ይልቅ ያ ወቅት ይሻላል።

ካራቫን እንደ መኪና ሊብሬ የለውም። በምትኩ ከ1992 እ.ኤ.አ. ወዲህ ክሪስ በተባለው መዝገብ የተመዘገቡት ካራቫኖች ቁጥራቸው በመስኮቶቹ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ጥቂት ከፍሎ በዚያ ቁጥር ማስመርመር፣ የተሰረቀ ወይም ያልተከፈለ ብድር ያለበት መሆኑን ያሳያል። ብድር ካለበት አበዳሪው ከእጃችሁ ሊወስደው ይችላል። ሻጩ ቁጥሩን ለማሳየት ካመነታ፣ ወይም ከመስታወቱ ላይ ተፍቆ ካገኛችሁት፣ ቀብድ ሳትከፍሉ ተመለሱ።