ስክሪኑ ሲጨልም ማን ምን አለ

አስቀድሜ ልናገር። «ዘ ሶፕራኖስ» የሚባለውን ተከታታይ ድራማ ገና ያላያችሁና ልታዩት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ይህን ጽሑፍ ለሌላ ቀን አቆዩት። የማወራው ስለ መጨረሻው ክፍል ነው። መጨረሻውን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ያን ክፍል መጀመሪያ ያየሁት ብቻዬን ነበር። የኒው ጀርሲው የማፊያ አለቃ ቶኒ ሶፕራኖ አንድ ምግብ ቤት ገብቶ ይቀመጣል። ጠረጴዛው ላይ ካለችው የሙዚቃ ማሽን ዘፈን ይመርጣል። ሚስቱ ካርሜላ ትመጣለች። ቀጥሎ ልጁ ኤጄ። የተጠበሰ የሽንኩርት ቀለበት ይቀርብላቸዋል። ሴት ልጁ ሜዶው ውጭ መኪናዋን ለማቆም ትታገላለች። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ እንደገና። በሩ በተከፈተ ቁጥር ደወል ይጮኻል፤ ቶኒም ቀና ብሎ ያያል። ጃኬት የለበሰ አንድ ሰውዬ ባንኮኒው ጋ ተቀምጦ ወደ እነሱ ገልመጥ ያደርጋል። ከዚያ ተነስቶ መጸዳጃ ቤት ይገባል። ሜዶው እንደምንም መኪናዋን አቁማ መንገዱን በሩጫ ታቋርጣለች። ደወሉ ይጮኻል። ቶኒ ቀና ይላል።

ጨለማ።

ዘፈኑ መሃል ላይ ተቆረጠ። አስር ሰከንድ ያህል ጥቁር ስክሪን ብቻ። ከዚያ የሠሩት ሰዎች ስም ያለ ምንም ሙዚቃ ማለፍ ጀመረ። ይሄው ነው? በቃ?

ሁለት ቀን ሙሉ ተናድጄ ሰነበትኩ። 86 ክፍል ነው ያየሁት። ቶኒን ጠልቼው፣ ወድጄው፣ እንደገና ጠልቼው ነው እዚያ የደረስኩት። በዚህ መሃል እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አነበብኩ። ክፍሉ እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 2007 ኤችቢኦ በሚባለው የአሜሪካ የኬብል ቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ ሲተላለፍ 11.9 ሚሊዮን ሰው አይቶታል። ስክሪኑ ሲጨልም ብዙዎቹ የመሰላቸው ኬብሉ የተቋረጠ ነው። ከስምንት ዓመት በላይ ጠብቀው፣ በመጨረሻዋ ሰከንድ ቴሌቪዥኔ ተበላሸ ብለው የደነገጡትን ሰዎች ሳስብ ንዴቴ ወደ ጉጉት ተለወጠ። ያን ድንጋጤ በሰው ፊት ላይ ማየት ፈለግሁ። አንድ ክፍል ሰውን ምን እንደሚያደርገው፣ ሰውየው ራሱ ሐሳቡን ከማሳመሩ በፊት ማወቅ ፈለግሁ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ምንም አልሆነልኝም። ድራማውን እስከ መጨረሻው ዋዜማ ድረስ ያዩ አራት ጓደኞቼን ሰበሰብኩ። አብረን አየን። ስክሪኑ ሲጨልም ሁለት ሰከንድ ያህል ሁሉም ደርቀው ቀሩ። እኔም የምፈልገው ይቺን ነበር። ግን ከመካከላችን ወሬ የሚወደው ጓደኛችን ብድግ አለና «ገደሉት! ያ ጃኬት የለበሰው ነው የገደለው!» ብሎ ጮኸ። አለቀ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የእሱ ጥያቄ ላይ የተደረገ ክርክር ነው። ማን ገደለው? ሽጉጡን የት ደብቆት ነበር? መጸዳጃ ቤት ለምን ገባ? እስከ እኩለ ሌሊት ተሟገቱ። ደስ የሚል ምሽት ነበር፤ እኔ የፈለግሁት ነገር ግን አልነበረም።

በማግስቱ አንዷ ደወለችልኝ። «ታውቃለህ፣ እኔ ማልቀስ ጀምሬ ነበር» አለችኝ። «ሁላችሁም ስለ ገዳዩ ስታወሩ ግን አፈርኩ። እኔን ያስለቀሰኝ ሞቱ አልነበረም። ከእነሱ ጋር ሳልሰናበት መለየቴ ነው።»

ይህን ስሰማ ራሴን ወቀስኩ። በጣም እውነተኛው ስሜት አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ቀድሞ የጮኸ ሰው ስላለ ብቻ ተዋጠ።

ለሁለተኛው ሙከራ ሌሎች ስድስት ሰዎች ጠራሁ። በዚህ ጊዜ ብዙ ነገር ቀየርኩ። ለእያንዳንዱ ሰው ወረቀትና እርሳስ ሰጠሁ። ስክሪኑ ከጨለመበት ጊዜ ጀምሮ ሁሉም ጽፎ እስኪጨርስ ማንም እንዳይናገር ተስማማን። ስልኮቹ ሌላ ክፍል ገቡ። ሪሞቱን እኔ ያዝኩ። አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር ደግሞ አለ፤ ለእኔ ትልቅ ነው። ስንት ደቂቃ እንደቀረ የምታሳየውን መስመር እንዳያዩ አደረግሁ፤ ሰዓትም ከግድግዳው ላይ አወረድኩ። በ2007 ሲተላለፍ ያዩት አብዛኞቹ ሰዎች ክፍሉን መንካት አይችሉም ነበር። ማቆም የለ፣ መመለስ የለ። ዛሬ ግን ጣታችንን አስነክተን «ሦስት ሰከንድ ቀርቶታል» ማለት እንችላለን። ይህን ካወቅን ድንጋጤው ገና ሳይመጣ ይሞታል።

ወረቀቱ ላይ ያሰፈርኩት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «ስክሪኑ ሲጨልም ሰውነትህ ምን አደረገ?» ለሴቶቹ «ሰውነትሽ»፣ ለጓደኛዬ አባት ደግሞ «ሰውነትዎ» ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ በዕድሜ ከሁላችን ይበልጣሉ። ድራማውን ከልጃቸው ጋር ከመጀመሪያው ክፍል አንስተው ተከታትለውታል። ስለ ቶኒ እናት ሊቪያ ማውራት ሲጀምሩ የሚያቆማቸው የለም።

ወረቀቶቹን አሁንም አስቀምጫቸዋለሁ። አንዷ፦ «ትንፋሼን ይዤ ነበር። ስሞቹ ማለፍ ሲጀምሩ ነው የተነፈስኩት።» አንዱ፦ «አንተ ሪሞቱ ላይ የተቀመጥክ መስሎኝ ወደ አንተ ዞርኩ።» ሌላው በትልልቅ ፊደል፦ «ተሸወድኩ።» ሌላዋ የጻፈችው፦ «አንገቴ ወደ ፊት ተስቦ ቀረ፤ እንዲህ» ብላ ትንሽ ሥዕል ሠርታለች። ጋሼ ደግሞ «መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ» ብለው ጻፉ። ይቺን ስገልጥ ዝም ብዬ ቆየሁ። አሜሪካኖቹ የጠረጠሩት ኬብሉን ነበር፤ ጋሼ የጠረጠሩት ዓይናቸውን ነው።

ስድስተኛው ወረቀት አናደደኝ። «ዘፈኑ ደስ ይላል። ልጅቷ ግን ማናት?» ይላል። ጸሐፊው ሁሉንም አይቻለሁ ብሎኝ ነበር፤ ለካ ያየው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ክፍሎች ብቻ ነው። ያን ቀን ወረቀቱን ልጥለው ነበር። እያደር ግን ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ እሱ ሆነ። ትዕይንቱ ያው ነው። ደወሉም ጨለማውም ያው ነው። ሰውየው ግን ምንም አልሆነም። ስለዚህ አምስቱን ያስደነገጣቸው የመጨረሻው ደቂቃ ብቻ አልነበረም፤ ከበስተኋላው የተቆለለው 85 ክፍል ነው። አድናቂ ስለ አንድ ክፍል ሲናገር ስለዚያ ክፍል ብቻ እየተናገረ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሰው ስጠራ ምን ያህል እንዳየ አጣርቼ እጠይቃለሁ።

ከሳምንት በኋላ ለእያንዳንዳቸው ደወልኩ። የመጀመሪያውን ወረቀታቸውን አላስታወስኳቸውም። እዚህ ላይም ስህተት ሠራሁ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «እና፣ ቶኒ ሞቷል ትላለህ?» ብዬ ጀመርኩ። ወዲያው ጠበቃ ሆኑ። ማስረጃ መደርደር ጀመሩ። አንደኛው ከሐይቁ ትዕይንት ተነሳ፤ ቶኒና የእህቱ ባል ቦቢ ጀልባ ላይ ሆነው ሲያወሩ፣ ቦቢ ነገሩ ሲመጣ ምናልባት ድምፁን እንኳ አትሰማውም የሚልበትን ማለቱ ነው። ጥሩ ማስረጃ ነው። ግን እሱ ራሱ ምን እንደተሰማው አንድ ቃል አልነገረኝም። ስልኩን ዘግቼ ነው ጥፋቴ የገባኝ። «ሞተ ወይስ አልሞተም» ብለህ ከጠየቅህ ሰው እንቆቅልሽ ይፈታልሃል እንጂ ልቡን አይከፍትልህም።

ለቀሩት ጥያቄውን ቀየርኩት፦ «አሁን ስታስቡት መጀመሪያ ዓይናችሁ ላይ የሚመጣው ምንድን ነው?» ያኔ ሌላ ዓለም ተከፈተ። አንዷ ሦስቱ ቤተሰብ የሽንኩርቱን ቀለበት ሳይነክሱ ሙሉውን አፋቸው ውስጥ ሲከቱት አለችኝ። እኔ እንኳ አላስተዋልኩትም ነበር። ጋሼ «ደወሉ» አሉኝ። «ቤት ውስጥ ደወል ሲጮኽ ራሴን ቀና ሳደርግ አገኘዋለሁ።»

በጋሼ ደወል ምክንያት ትዕይንቱን መልሰን አየነው። ይህን ሁሉም አድናቂ አንዴ ቢሞክረው ደስ ይለኛል። ደወሉ ይጮኻል፤ የቶኒ ፊት ይታያል፤ ከዚያ ቶኒ የሚያየው ነገር ይታያል። ደወል፣ ፊት፣ የሚያየው። እንዲህ እያለ ይመላለሳል። ሳናውቀው ዓይናችን ሥርዓቱን ይማራል። በመጨረሻም ደወሉ ይጮኻል፣ የቶኒ ፊት ይታያል፤ ቀጥሎ ቶኒ የሚያየው መምጣት ባለበት ቦታ ላይ ጥቁር ስክሪን ይመጣል። ጓደኛዬ አንገቷ ተስቦ የቀረው ለዚህ ነው። በቶኒ ዓይን ሜዶውን ለማየት ተዘጋጅታ ነበር። ሰውነቷ የመለሰው መልስ ከሁላችንም ትንታኔ ቀድሞ ነበር። ይህ ሁሉ ሰውዬው ሞቷል ለማለት በቂ ነው ወይ? ለእኔ ሚዛኑ ወደዚያ ያደላል። ግን አምኖ ያልተቀበለውን ሰው አላዋቂ አልለውም።

ምክንያቱም «ተሸወድኩ» ብሎ የጻፈው ጓደኛዬ ከሳምንት በኋላም አልተመለሰም። ጭራሽ ባሰበት። «ስምንት ዓመት ሰው አስከትሎ የሄደ ደራሲ ዕዳ አለበት» አለኝ። «የቶኒን ጠላት የፊል ሊዮታርዶን ሞት እንኳ በደንብ አሳይቶናል። ነዳጅ ማደያው ላይ፣ የልጅ ልጆቹ መኪና ውስጥ እያሉ። ለእሱ ያን ያህል ከሰጠ፣ ለቶኒ ምን ነካው?» መልስ አጣሁለት። መጀመሪያ ላይ የተናደደ ሰው ሁሉ ገና ያልገባው ይመስለኝ ነበር። ልክ አልነበርኩም። ይሄ ሰው ከእኔ የበለጠ ዝርዝር ያስታውሳል። የሚቆጣውም ስለገባው ነው።

ሌሎቹ ግን ተለውጠዋል። ቶኒን ሆኖ የተጫወተው ጄምስ ጋንዶልፊኒም በ2012 ለአንድ መጽሔት እንደተናገረው መጀመሪያ ሲያየው ደንግጧል። ይህን ሁሉ አልፈን እንዲህ ሆኖ ያልቃል እንዴ ብሎ። ተኝቶ ከተነሳ በኋላ ግን ፍጹም ነው አለ። ቶኒን የተጫወተው ሰው ራሱ አንድ ሌሊት ካስፈለገው፣ ስክሪኑ በጨለመ በአምስተኛው ደቂቃ የሰውን ስሜት ጠይቄ ውሳኔው ይሄ ነው ማለቴ ምን ይባላል? ስለዚህ አሁን ሁለቱንም ወረቀት እይዛለሁ። የመጀመሪያው ሌሊት የሆነውን ይነግረኛል፤ የሳምንቱ ደግሞ የቀረውን። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።

አንድ ነገር ግን ዳግመኛ አላደርግም። ድራማውን የፈጠረውና ያን ክፍል ራሱ ጽፎ ዳይሬክት ያደረገው ዴቪድ ቼዝ በማግስቱ ለጋዜጣ በሰጠው ቃል፣ ያለውን የማብራራትም የመከላከልም ፍላጎት የለኝም ብሎ ነበር። ከዓመታት በኋላ በሰጣቸው ቃለ ምልልሶች ደግሞ ወደ ሞት የሚያደሉ ፍንጮች ወጡ። እኔም ብልጥ ሆኜ ይህን መሃል ላይ አወራሁ። ሞቅ ብሎ የነበረው ጨዋታ እንደ ስክሪኑ ዝም አለ። ሁሉም የራሱን ትቶ የደራሲውን ያዘ። የፈጣሪው ቃል መምጣት ያለበት የሁሉም ሰው ቃል ካለቀ በኋላ ነው። ጋሼ ብቻ «እሱ ያለውን ይበል፣ እኔ ያየሁትን አይቻለሁ» አሉ።

ያ የመጀመሪያው ቀን የጮኸው ጓደኛዬ ነገሩን ሰምቶ ከወር በኋላ መጣ። «እኔም ወረቀት ስጠኝ» አለኝ። ትዕይንቱን አብረን መልሰን አየነው። በዚህ ጊዜ አልጮኸም። ስለ ገዳዩ አንድም ነገር የሚጽፍ አልመሰለኝም፤ አልጻፈምም። ወረቀቱ ላይ ያለው ይሄ ብቻ ነው፦ «ሜዶው ምነው ያን ጎማ ቶሎ አስገብታ በነበር። እየሮጠች ነው እኮ የመጣችው።»