ሰማያችን ኦሮራ ባይኖረውም

በግንቦት 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ድሬዳዋ እንደ ልማዷ በሙቀት ስትነድ፣ ፍራሻችንን ግቢ አውጥተን በተኛንበት ሌሊት የእህቴ ልጅ ስልኳን ወደ ዓይኔ አስጠግታ በአውሮፓ ሰማይ የታየውን ቀይና አረንጓዴ ብርሃን አሳየችኝ። «ጋሼ፣ ለእኛስ መቼ ይወጣልናል?» ስትለኝ ኦሮራ የዋልታ አካባቢ ነገር መሆኑን ብቻ ነግሬያት ዝም አልኩ፤ መልሱ ግን ግማሽ ነበር።

ኦሮራ የሚፈጠረው የምድርን መግነጢሳዊ መስመሮች ተከትለው ቁልቁል የሚወርዱ ኤሌክትሮኖች በላይኛው ከባቢ አየር ካለው ኦክስጅንና ናይትሮጅን ጋር ሲጋጩ ነው፤ አረንጓዴው ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር፣ ቀዩ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይደምቃል። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ ግን በእኛ ሰማይ መስመሮቹ አግድም የተዘረጉ ናቸው፤ ኤሌክትሮኖቹ የሚወርዱበት መንገድ የለም። ይኸው አግድምነት ሌላ ነገር ይወልዳል፤ ቀን ቀን 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ከራሳችን በላይ ያልፋል።

ይህን ጅረት ዓይን አያየውም፤ ራዳር ያየዋል። ልጆች ሳለን ወደ ሐረር ስንወጣ መኪናው ደንገጎ ላይ ከቆመ ወርደን ወደ ገደሉ እንጮህ ነበር። ማሚቶው እስኪመለስ ከፈጀው ጊዜ ርቀቱን መገመት እንደሚቻል ሁሉ፣ ራዳርም የላከው የሬዲዮ ሞገድ ደርሶ እስኪመለስ የወሰደውን ጊዜ ይቆጥራል፤ እዚያ ከፍታ ደርሶ ለመመለስ ከሰከንድ አንድ ሺኛ ያነሰ ይበቃዋል። ሰማይ ላይ ግን ገደል የለም። ሞገዱን የሚመልሱት በጅረቱ ውስጥ ኤሌክትሮኖች እዚህ ሲበዙ እዚያ ሲሳሱ የሚፈጠሩት ጥቃቅን መዋዠቆች ናቸው፤ ከእነዚህም ራዳሩ የሚለየው በሞገዱ ርዝመት ግማሽ የተራራቁትን ብቻ ነው። በፔሩ፣ ሊማ አቅራቢያ ያለው የሂካማርካ ራዳር በ50 ሜጋኸርዝ ስለሚሠራ ሞገዱ 6 ሜትር ይረዝማል፤ ስለዚህ የሚያየው የ3 ሜትሩን መዋዠቅ ነው።

በኦሮራው አገር፣ በኖርዌይ ትሮምሶ፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የአይስካት ራዳር ከዚህ የከበደ ሥራ ነበረበት። የእያንዳንዱን ኤሌክትሮን ኢምንት ምላሽ ለመልቀም 32 ሜትር ስፋት ያለው ሳህን አስፈልጎታል፤ ከዚያች ጭላንጭልም የኤሌክትሮኖቹ ብዛትና ሙቀት፣ የሚጓዙበትም ፍጥነት ይነበባል።

ለእህቴ ልጅ ያልነገርኳት ሁለቱ ሰማዮች የተያያዙ መሆናቸውን ነው። ብርቱ የፀሐይ ዐውሎ ሲነሣ በዋልታዎቹ በኩል የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ መስክ በደቂቃዎች ውስጥ ወገቡ ድረስ ዘልቆ ጅረቱን ያበረታዋል ወይም ይገለብጠዋል። የሚቆጨኝ፣ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ስለ ዋልታ ብርሃን ስናጠና ስለዚህ ጅረት አንዲት ቃል አለመስማቴ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ይህን ሰማይ የሚከታተል ራዳር መተከሉንም የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ በማግስቱ ማታ ዘርዝሬ ነገርኳት። ወደ ላይ አንጋጣ፣ «ታዲያ አሁንም እየፈሰሰ ነው?» አለችኝ። ሲመሽ እንደሚከስም፣ ነገ እኩለ ቀን ሲቃረብ ግን እንደሚበረታ ነገርኳት።

«እኩለ ቀን ላይማ በዚህ ፀሐይ ማን ይወጣል» ብላ ፊቷን አዞረች።